ዘጠነኛው ደቂቃ

እኔ ፊልም አጫዋች ነኝ።
ሃሊፋክስ ውስጥ፣ ከወደቡ ሽቅብ፣ ከአቀበቱ ጫፍ፣
ጣሪያዋ በሚያፈስ በአሮጌ ሲኒማ፣
ሰው ሲጮህ መስማት ነው የዕለት እንጀራዬ፣
ከግድግዳው ጀርባ፣ ቆሜ በጨለማ።

ሰዓቴን በጩኸት እሞላለሁ ብል ማጋነን አይደለም፤
አርባኛው ደቂቃ ላይ ሳይጮህ የቀረ ተመልካች የለም።

ፊልሙ እንዲህ ይላል፦
በታላቁ ጦርነት፣ በአንድ ውርጫም ጠዋት፣
ባሩድ የጫነችው መርከብ ወደ ጠባቡ ሰርጥ ስትገባ
ከፊቷ የመጣችው መንገድ ለቀቀቻት።
አልተላተሙም።
ባሕሩ አልነደደም፣ ከተማው አልጋየም፣
ጭስ ሊያይ መስኮቱ ላይ የቆመ አንድም ሰው
መስታወት ተረጭቶ ዓይኑን አልተነጠቀም።
እውነተኛው ታሪክ የቆጠረው ሬሳ፣ ያ ሁለት ሺህ፣
እዚህ አንዱም የለም።

«ታዲያ ምኑ ያስፈራል?» ብሎ ለሚጠይቅ
ዳይሬክተሩ ሌኖክስ መልስ አዘጋጅቷል፦
ሳይፈነዳ የቀረው እሳት አልሞተም፣ መስታወት ውስጥ ገብቷል፤
ሌት ሌት ቤት ለቤት እየዞረ፣ መስኮት ይቧጥራል፣
ወለዱን እንደሚቆጥር አራጣ አበዳሪ
«ያ ዓይን የኔ ነበር፣ መልሱልኝ» ይላል።

አርባኛው ደቂቃ ላይ መጋረጃው ሲገለጥ
ፈንዲሻ ይበተናል።
ጎረምሶች ይተቃቀፋሉ፤ ከዚያ ይሳሳቃሉ።
ደንቡ ይኸው ነው።

በሦስተኛው ሐሙስ ግን፣
ገና በዘጠነኛው ደቂቃ፣ ምንም በሌለበት፣
ሙዚቃው ለስልሶ፣ ወደቡ በፀሐይ ታጥቦ፣
መርከበኞቹ ኮፍያ አውልቀው እጅ እየተነሣሡ
ሁለቱ መርከቦች በሰላም ሲተላለፉ፣
አንዲት ሴት ጮኸች።

እንደ ፈንዲሻው ጩኸት አይደለም።
ገደል አፋፍ ላይ እግሩ እንደከዳው ሰው፣
አጭርና ደረቅ።
አንዱ ዞሮ አያት። ሌላው ሳቀ።

ፊልሙ አልቆ መብራቱ ሲበራ፣
ጓንቷን አንዴ ታጠልቃለች፣ አንዴ ታወልቃለች።
ሞራግ ትባላለች፤ መስኮት ገጣሚ ናት፣
ግማሹን ከተማ መስታወት አልብሳለች።
«ምን አስፈራሽ?» አልኳት። «እዚያ ጋ እኮ ጭራቅ የለም።»

«ሄስተር፣ ቅድመ አያቴ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣
ጭሱን ለማየት ነው መስኮት የተጠጋችው፤
ያቺ ጠዋት ናት ሁለት ዓይኖቿን የወሰደችው።
አልጋ ጠፍቶ፣ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ አስተኟት።
አንገስ የሚባል አናጢ፣ ግራ እጁ የተቆረጠ፣
በቀኙ ውኃ አቀበላት። ድምፁን ወደደችው።
አየህ፣ እኔ የመጣሁት
ከዚያ ኩባያ ውኃ ነው።
አሁን ግን መርከቦቹ ተላለፉ።
ሄስተር ጥርት ያለውን ሰማይ በሁለት ዓይኗ አየችና
ከመስኮቱ ዞር አለች፣ ቁርሷን ልትበላ።
አንገስም ሁለት እጁ ሙሉ፣ መጋዙን አንግቶ
በሌላ መንገድ ሄደ።
ጎደለች የሚል የለም፤ የሚጎድል ነገር አልነበረማ!
የናንተ ጭራቅ መስኮት ያንኳኳል።
ማንኳኳት ቢያንስ መኖር ነው።»

ዝም አለች። ጓንቷን አጠለቀች።
«ክፋቱ ደግሞ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል
እሰይ፣ ዳነች! ብዬ ነበር።
የጮኽኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

ያን ሌሊት አዳራሹን ከውስጥ ቆልፌ
ፊልሙን ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ገታሁት።
ሁለት መርከቦች፣ አፍንጫ ለአፍንጫ፣
መካከላቸው ጣት የምታህል ውኃ።
እንዲያልፉ ብለቃቸው ሞራግ የለችም፤
እንደ እውነቱ ይላተሙ ብል
ሁለት ሺህ ሰው አለ፣ አንዳንዱ ገና ቁርሱን ያልጨረሰ።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ።

ከታች፣ ከወደቡ፣ የእውነት መርከብ ጡሩንባ ነፋ።
ሳላስበው
ከማጫወቻ ክፍሌ ትንሽ መስኮት
ራቅ ብዬ ቆምኩ።